ማውንቴን በጎጃም ስርጥ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዋና መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሳይክል ለሚያይ ሰው ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ ኮርስ፤ ሌላው ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ከፊት ሞላ ያለው ማውንቴን። ኮርስ ብርቅ ነው። ማውንቴን ግን የተማሪው፣ የመምህሩ፣ የባለሱቁ ልጅ ንብረት ነው። ከእነዚህ ማውንቴኖች አብዛኞቹ ታዲያ ከአስፋልትና ከኮብልስቶን ሳይወርዱ ያረጃሉ። የተሠሩለት መንገድ፣ ማለትም የከብት ስርጡ፣ ሸንተረሩና ኮረኮንቹ፣ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ ተዘርግቶ እያለ።

መሣሪያው የተወለደው ቁልቁለት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ከባባድ አሮጌ ብስክሌቶች እየለቀሙ ተራራው ላይ በተቀደደው የአፈር መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። በ1976 ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ጀመሩ። ውድድሩ «ሪፓክ» (ዳግም መጠቅጠቅ) ተባለ። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን የሚገኘው በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ነበርና ከላይ እታች እስኪደረስ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ግራሶ መጠቅጠቅ የግድ ነው። ስሙም የወጣው ከዚሁ ነው። ጆ ብሪዝ የተባለው ወጣት በ1977 ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት በእጁ ሠራ። በ1979 ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ይዘው ንግድ ጀመሩ፤ በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ ያመርተው ያዘ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1990 በኮሎራዶ ተካሄደ። በ1996 ማውንቴን አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሲሆን እኛ በኃይሌና በፋጡማ ወርቅ እየጨፈርን ስለነበር ልብ ያለው የለም።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ ስፖርት እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ከሯጮቹ ጋር ተሰልፏል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሁለቱም ግን የኮርስ ሰዎች ናቸው። ማውንቴን በከተሞቻችን በቁጥር ይበልጣል፤ በስም ግን ገና ምንም አላስመዘገበም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ገበያ ላይ የሚበዛው «21 ማርሽ» የሚባለው ነው፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ክብ አለው። ሰንሰለቱ ከፊት ባለ 42 ጥርሱ፣ ከኋላ ባለ 14 ጥርሱ ላይ ሲውል ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስቴ ይዞራል፤ ባለ 26 ኢንች ጎማ ከሆነ ከ6 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህ የአስፋልት ማርሽ ነው። ከፊት ወደ 24፣ ከኋላ ወደ 28 ጥርስ ሲዛወር ደግሞ አንድ ዙር ፔዳል 1 ሜትር ከ80 እንኳ አይሞላም። ሰውየው ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም፤ ነገር ግን ሳይወርድ ዳገቱን ይጨርሳል። ጀማሪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ዳገቱ መሃል ደርሶ እግሩ ሲዝል ማርሽ ይቀይራል፤ በጭነት የተወጠረው ሰንሰለት ይንጓጓል፣ ይዘልላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። የለመደው ሰው ዳገቱ ሥር፣ ፔዳሉ ገና ሳይከብደው ቀይሮ ይጠብቃል።

ዳገቱን የሚፈሩት ይበዛሉ፤ እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ቁልቁለት ላይ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊት ፍሬን ሲሆን፣ ብዙ ሰው «ይገለብጠኛል» ብሎ የኋላውን ብቻ ይጨብጣል። የኋላው ጎማ ይቆለፍና ጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱም ወደ ጎን ይሄዳል። መፍትሔው ከኮርቻ ተነስቶ ወገብን ወደ ኋላ መሳብ፣ ሁለቱን ፍሬን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ቀስ እያሉ መያዝ፣ ዓይንን ደግሞ ከጎማው ፊት ካለው ድንጋይ አንስቶ ርቆ መጣል ነው። የሚያይበትን የማያውቅ፣ ያየው ድንጋይ ላይ ይወጣል።

ከፊት ሞላ ያለው ማውንቴን ለእኛ መንገድ ይበቃል። ከኋላም ሞላ ያለው በርካሽ ሲገኝ ዓይን ይስባል፤ ምክሬ አትግዙት ነው። ርካሹ የኋላ ሞላ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር እየተጨመቀ የእግርን ጉልበት ይበላል፤ ክብደት ይጨምራል፤ ኩሽኔታው ሲላወስም የሚተካው መለዋወጫ ቡሬም ባሕር ዳርም አይገኝ ይሆናል። በዚያው ገንዘብ የተሻለ ፍሬንና ጠንካራ ቸርኬ ያለው ይገዛበታል።

ከሁሉም የሚናቀው የጎማ አየር ነው። ጎሚስታ ዘንድ የሄደ ሳይክል ድንጋይ እስኪመስል ተነፍቶ ይመለሳል። ለኮርስ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማውንቴን ግን ኮረኮንች ላይ በዚህ ዓይነት አየር ከድንጋይ ድንጋይ ይነጥራል እንጂ መሬት አይነክስም። ወፍራም ጎማ የሚፈልገው የቤት አውቶሞቢል ጎማ የሚሞላውን ያህል፣ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት መስጠት አለበት። ከዚህ በታች ከወረደም ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

መበሳቱስ አይቀርም። ገበሬው ማሳውን ከከብት ለመከለል የቆረጠው የግራርና የቀጋ እሾህ መንገዱ ላይ ይረግፋል። ከከተማ ርቆ የሚሄድ ሰው ሁለት ጎማ መፈልቀቂያ፣ ፓምፕ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ ይይዛል። ካላማዳሪያው ወጥቶ ይነፋል፤ ጉንጭ አጠገብ ሲያዞሩት የሚያመልጠው አየር ይሰማል። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ችኩሉ ወዲያው ይለጥፋል፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በኋላም ደግሞ ይወርዳል። ማስቲሹ ከጣት ጋር መያያዙን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ካላማዳሪያው ከመመለሱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት መዳበስ አይረሳም፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ይሆናላ!

አሁን አገሩ። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ማንኩሳ ይገኛል። የባሕር ዳር አቅጣጫ ከቡሬ በቲሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ ከፍታ ይወጣል፤ በደቡብ በኩል ምድሩ ወደ ብር ሸለቆና ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አንድ ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ከማንጎና ከበርበሬ አገር ተነስቶ ድንችና ገብስ ካለበት ደጋ ሊደርስ ይችላል። አፈሩ በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ሲደርቅ ጥሩ ይይዛል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሜዳ ላይ የሚገኘው መረሬ ከዚህ የባሰ ነው፤ እርጥቡ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞሩን ያቆማል። ያኔ ብስክሌቱ ሰውየውን መሸከሙ ቀርቶ ሰውየው ብስክሌቱን ይሸከማል።

ዝናቡ ሲያቆምም የጉዞውን ቀን መቁጠሪያ የሚወስነው ገበሬው ነው። መስከረምና ጥቅምት አገሩ ያምራል፤ ነገር ግን ስርጡ በሁለት ጤፍ ማሳ መካከል የተቀመጠች ክንድ የማትሞላ ድንበር ናት። ጎማ አንዴ ከሳተ የሰው ሰብል ይረግጣል፤ ይህ ደግሞ በስፖርት ስም የሚታለፍ ነገር አይደለም። መንገዱ የሚከፈተው አጨዳው ሲያልቅ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። እስከ የካቲት ምርጡ ወቅት ነው። ከመጋቢት በኋላ አቧራውና ሙቀቱ ይበረታል፤ ከግንቦት ወዲያ ዝናቡ ይመጣል።

ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃው ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ወንዝ ወርዶ መመለስ ነው። ሲወርዱት ያስደስታል፤ መመለሻው በቀትር ከሆነ ይቀጣል። ጉልበት ያለው ደግሞ ወደ ቋሪትና ሰከላ ይወጣል። ዓባይ የሚመነጭበት የግሽ ከፍታ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍኖተ ሰላም ሲታሰብ 800 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው፤ ያም ቁልቁለቱና ወንዙ ሳይቆጠር። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ የደረሰው በበቅሎ መንገድ ነበር፤ የዛሬው ስርጥ ከዚያ ብዙም አልተለወጠም። ከቡሬ የሚነሳው ወገን ቲሊሊን አልፎ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይወጣል። ጥር 23 ቀን ከዋለም እንጅባራ ዘልቆ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን በዓል ያያል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ፈረሰኛው ቁልቁለት ላይ እንዴት ወገቡን ወደ ኋላ እንደሚጥል ያየ ብስክሌተኛ፣ የፍሬን ትምህርቱን በነፃ አገኘ ማለት ነው።

የመንገዱ ሥርዓት ከማርሹ አያንስም። ገበያ የሚወርድ ጭነት የያዘ አህያ ሲመጣ ብስክሌተኛው ይወርዳል፤ የገደሉን በኩል ይዞ የሚቆመውም እሱ ነው። ለቀስተኛ ሲያጋጥመው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ውሻ ከተነሳበት ሮጦ አያመልጥም፤ ወርዶ ሳይክሉን በመካከል ያደርግና ባለቤቱ እስኪጠራው ቀስ ብሎ ይራመዳል። መንገድ ሲጠይቅም ሰላምታው ይቀድማል።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? በዚህ በኩል ማዶ ያስወጣል?»

«ደህና ዋልህ ልጄ። ያስወጣል፤ ግና በመሻገሪያው አትሂድ፣ ላይኛው አገር ዘንቧል። በድልድዩ ዙር።»

እንዲህ ያለውን ምክር የስልክ ካርታ አይሰጥም። «ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት» የሚለውን ግን በጥንቃቄ መስማት ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቅርብ የሚለው ለብስክሌተኛ ሦስት ሸለቆ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ደግሞ ረጅሙ ጉዞ እንደ ቀድሞው ተነስቶ የሚኬድ አይደለም፤ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ ከከተማ መራቅ ሞኝነት ነው።

ውድድርስ? በዓለም አቀፉ ደንብ የማውንቴን አገር አቋራጭ ውድድር ድንጋይ፣ ሥርና ገደላ ገደል ባለበት ዙር ላይ ከ1 ሰዓት ከ20 እስከ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ድረስ ይካሄዳል። እኛ ዘንድ ኮርስና ማውንቴን የሚሉ ምድቦች አሉ፤ ሆኖም የማውንቴኑም ምድብ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው አስፋልት ላይ ነው። ይህ ለተወዳዳሪው ግፍ ነው። ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት ላይ ይጎተታል፤ ያሸነፈውም መንገድ ማንበብ የሚያውቀው ሳይሆን እግሩ ብቻ የበረታው ነው። ሥራ እያለው በትርፍ ሰዓቱ የሚለማመድ ሰው እንዲያ ያለ ውድድር ላይ ተስፋው ጠባብ ነው። በስርጥ ላይ ግን በቁልቁለትና በመታጠፊያ ብዙ ሰከንድ ይሰርቃል። የሁሉም ጀማሪ ችግር አንድ ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ያለውን ሁሉ ያፈሳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ተወላጁም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ነፃ አይደለም። ስንቁን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ ዱቄት አያስፈልገውም፤ የተበጠበጠ በሶ በኮዳ፣ ቆሎ በኪስ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ውኃ ይበቃዋል።

ክረምት ሲገባ ሳይክሉ ይሰቀላል። ሰኔ ላይ ተፈታትቶ ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ አዲስ ግራሶ ይቀባል፤ የላሉት ራጂዎች ይጠብቃሉ፤ ሰንሰለቱ ይጸዳል፣ ከተለጠጠም ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የባለቤቱ ነው። አንዱ ዝናቡ ባባራበት ሁሉ ጠጠር መንገድ ላይ ይሮጣል፤ ሌላው ኳስ ቤት ይመሽበታል።

ለዞኑና ለወረዳዎቹ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ሰላሙ ሲመለስና አጨዳው ሲያልቅ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብላችሁ የአንድ 5 ኪሎ ሜትር ዙር በገመድ ከልሉ፤ ባለማሳዎቹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፊሽካ የያዘ ሰው፣ ሜዳው ላይ አምቡላንስ አቁሙ። ተወዳዳሪውም ሳይክሉም በከተማው አሉ።