የአሥመራው ባለ ክንፍ ቤትና የሽጉጡ አፈ ታሪክ

አሥመራን ለሚያውቅ ሰው «ፊያት ታሊየሮ» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማያውቁ አንባቢያን ግን፣ በኢጣሊያዊው ጁሴፔ ፔታዚ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ፣ ሊነሣ የተዘጋጀ አውሮፕላን የሚመስል የነዳጅ ማደያ ሕንፃ ነው። መካከሉ እንደ አብራሪ ክፍል ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከግራና ከቀኝ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የኮንክሪት ክንፎች ያለ አንዳች ዓምድ አየር ላይ ተዘርግተዋል።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ባለሥልጣኖቹ «ያለ ዓምድ አይሆንም» ስላሉ ከክንፎቹ ሥር የእንጨት ድጋፍ ተደረገ። ድጋፉ ይነሣ ሲባል ተቋራጩ ፈራ። ፔታዚ ሽጉጡን መዝዞ ደቀነበት፤ ድጋፉ ተነሣ፤ ክንፎቹም ንቅንቅ አላሉም። ሌሎች ደግሞ ፔታዚ የዛተው «ከወደቀ ራሴን እገድላለሁ» ብሎ ነው ይላሉ። እኔ ከአሥመራ ልጆች ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ነገሩን የማየው ከሽጉጡ ይልቅ ከፌሮው በኩል ነው። ክንድዎን ወደ ጎን ዘርግተው ባልዲ ውኃ ቢይዙ ጭንቁ የሚሰማዎት ጣትዎ ላይ ሳይሆን ትከሻዎ ላይ ነው። ክንፉም እንዲሁ ነው፤ ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር፣ በየሜትሩ ያለው ክብደት ሳይለወጥ እንኳ፣ ሥሩ ላይ ያለው ጭንቅ አራት እጥፍ ይሆናል። የላይኛው ፊቱ ይሳባል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፣ መሳብን ግን አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ መግባት አለበት። በሁለት ዓምድ ላይ በተጋደመ ወለል ግን መካከሉ ላይ ዋናው ፌሮ ከታች ነው። ይህን ያምታታ ሰው አሥር ሽጉጥ ቢደቅን ክንፉን ከመውደቅ አያድነውም። ሁለቱ ክንፎች ግራና ቀኝ መመጣጠናቸውም እንደ ሚዛን ሕንፃውን ከመገልበጥ ይጠብቀዋል።

የተቋራጩም ፍርሃት የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። ኮንክሪት ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ በቀስ ነው፤ ድጋፍ ያለጊዜው ማንሣት እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

እንግዲህ ክንፎቹን ያቆማቸው ትክክለኛ ስሌትና ፌሮውን በቦታው ያሰረ እጅ ነው። ስሌቱ የፔታዚ ነው እንበል። የእጁስ ባለቤት ማን ነው? አፈ ታሪኩ ስለ ፌራዮውና ስለ ቀን ሠራተኛው አንድም ቃል የለውም። ዘመኑ ፋሺዝም ኢትዮጵያን ከወረረ ሦስት ዓመት ያለፈበት፣ አሥመራም በዘር የተከፈለችበት ዘመን ነበር። ያን ሕንፃ ማድነቅ ያን ሥርዓት ማድነቅ እንዳይሆን የምንፈልግ ከሆነ፣ ተረቱ የዘለለውን መጠየቅ ይገባናል። የሽጉጡ ተረት እውነት ሆነም አልሆነ አንድ ነገር በትክክል ይዟል፤ የቅኝ ገዥው ጥበብ ከኃይሉ ተለይቶ አይታይም ነበር።

ሕንፃው የኢጣሊያን አገዛዝ፣ ከ1941 በኋላ የእንግሊዝን አስተዳደር፣ ፌዴሬሽኑንና የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት አልፎ ዛሬም ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሥመራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቅርሱን የንድፍ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞችም ቅርስ አድርገን ብንቆጥረው ለእውነት የቀረብን ይመስለኛል።