ዶሴ የሚንጠለጠልበት መሳቢያ፤ ከተለመዱ የቤት ዕቃ ክፍሎች አሠራሩና ስሌቱ

ወረቀት ከተጻፈ በኋላ ሌላ ግዴታ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በተፈለገ ጊዜ መገኘት ነው። የትምህርት ማስረጃው ከመዝገብ ቤት ያልተገኘለት ተማሪ፥ መዋጮው የተመዘገበበት ቅጠል የጠፋበት የዕድር አባል፥ የውሳኔ ግልባጭ ፈልጎ የሚመላለስ ባለ ጉዳይ፥ ሁሉም የሚጐዱት ወረቀቱ ሳይጻፍ ቀርቶ ሳይሆን ተጽፎ ሳለ ባለመገኘቱ ነው። ከዚህም የተነሣ የወረቀት አቀማመጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከላሜራ የተሠራው የዶሴ ሣጥን በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይታያል። ነገር ግን ዋጋው ለትንሽ ትምህርት ቤት፥ ለዕድር ወይም ለተማሪዎች ማኅበር የሚቀመስ አይደለም። በሌላ በኩል የልብስና የኩሽና መሳቢያ የሚሠራ አናጢ በየሰፈሩ አለ፤ ለመሳቢያ የሚያስፈልገውም ሐዲድ፥ ችፑድና ብሎን በመርካቶ ሱቆች ይሸጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ከተለመዱ ክፍሎች ዶሴ የሚንጠለጠልበት መሳቢያ ለመሥራት እንደሚቻል ማስረዳትና የልኩንና የክብደቱን ስሌት በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

አስቀድመን ልንገልጸው የምንወደው አንድ ነገር አለ። ይህ መሳቢያ በልብስ መሳቢያ ላይ ሁለት ብረት ተጨምሮበት የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ክብደቱን የሚሸከምበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ስለ ሆነ አሠራሩም ሌላ መሆን አለበት።

1. ወረቀትን ስለ ማንጠልጠል

መጽሐፍን ማንጠልጠል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ገብተው በጠፍሩ ከግድግዳ ችካል ላይ መሰቀላቸው የቆየ ልማድ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ የተሰቀለ መጽሐፍ ከወለል እርጥበትና ከአይጥ ይርቃል፥ የሌላውም መጽሐፍ ክብደት አይጫነውም።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ ታጥፎ በጠባብ የሣጥን ክፍል ይከተት ወይም በጠፍጣፋ ሣጥን ተደራርቦ ይቀመጥ ነበር። ወረቀትን ሳያጥፉ በመሳቢያ ውስጥ አቁሞ የማስቀመጥ ዘዴ በ1893 በፈረንጅ አቈጣጠር በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፥ ላይብረሪ ቢሮ በሚባለው ኩባንያ አማካይነት ለሕዝብ ታየ። ይሁን እንጂ ይህም ዘዴ ጉድለት አለው፤ ባልተሞላ መሳቢያ ውስጥ የቆመ ዶሴ ወደ ፊት ይንሸራተታል፥ ከሥሩ ይጐብጣል፥ በጓደኛውም ሥር ይደበቃል። ተንጠልጣይ ዶሴ ይህን ጉድለት ያስወግዳል። በላይኛው ጠርዙ በኩል ዘንግ አለው፤ የዘንጉም ሁለት ጫፎች እንደ ሜንጦ ተሠርተው በሁለት ትይዩ የመስቀያ ብረቶች ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ዶሴ የራሱን ክብደት በራሱ ሜንጦ ስለሚያወርድ አንዱ ሌላውን አይጫነውም።

ስሌታችንን የሚያቀልልን ደግሞ የወረቀቱ ልክ የታወቀ መሆኑ ነው። ኤ4 የሚባለው ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ በጀርመን አገር በ1922፥ በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ በ1975 በፈረንጅ አቈጣጠር ተደንግጓል።

2. ስፋቱ ከዶሴው ይጀምራል

አናጢ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ አስቀድሞ የሣጥኑን ቀፎ ይሠራና በተረፈው ቦታ መሳቢያ ያስገባል። ለልብስ ይህ አይጐዳም፤ ሸሚዝ ቦታ ቢጠበው ይታጠፋልና። ዶሴ ግን አይታጠፍም። ስለዚህ ስሌቱ ከዶሴው ተነሥቶ ወደ ውጭ መሄድ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዶሴ ራሱ ይለካ። የሚያስፈልገው ሁለት ልክ ነው፤ አንደኛው የዘንጉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሆን፥ ሁለተኛው አንዱ ሜንጦ ብረቱን ከሚይዝበት ነጥብ ሌላው እስከሚይዝበት ነጥብ ያለው ርቀት ነው። ለኤ4 የተሠራ ዶሴ አለ፤ ፎልስካፕ ለሚባለው ረዘም ያለ ወረቀት የተሠራም አለ። ሁለቱ በአንድ መሳቢያ አይሰቀሉም። ለምሳሌያችን የመጀመሪያው ልክ 350፥ ሁለተኛው 330 ሚሊ ሜትር ነው እንበል።

የዘንጉ ጫፎች ጎኑን እንዳይነኩ በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ብንተው የመሳቢያው የውስጥ ስፋት 356 ይሆናል። ለሁለቱ ጎኖች 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ብንወስድ የውጭ ስፋቱ 386 ነው። በኩሽኔታ የሚሄደው የተለመደ የጎን ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ግማሽ ኢንች፥ ይወስዳል፤ ሁለቱ 25.4 ይሆናሉና የቀፎው የውስጥ ስፋት 411.4 ይደርሳል። የቀፎው ጣውላ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠቅላላው የውጭ ስፋት 447.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ለቤት ዕቃ ከተለመዱት የቀፎ ስፋቶች አንዱ 450 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ልካችን ከዚያው ውስጥ ይገባል፤ የሚተርፈውም 2.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ትርፍ በሐዲዱ በኩል መተው አይገባውም፤ ሐዲድ ክፍተት ሲበዛበት ይላቀቃል፥ ሲያንሰውም ይነክሳል። ትርፉ ወደ ውስጥ ይግባ። የ450 ቀፎ የውስጥ ስፋቱ 414 ነው፤ 25.4 ሲቀነስለት 388.6 ይቀራል። መሳቢያውን 388 ብናደርገው የውስጥ ስፋቱ 358 ይሆናል፤ ለዘንጉም በእያንዳንዱ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል።

ቀፎው 400 ሚሊ ሜትር ቢሆንስ? በዚያው ስሌት የመሳቢያው የውስጥ ስፋት ወደ 308 ይወርዳል፤ የ350 ዘንግም አይገባም። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ዶሴውን ማዞር ነው። የመስቀያ ብረቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተው ዶሴዎቹ በጎን ይሰለፋሉ፤ አንባቢውም ከጎን ቆሞ ያነባል። ለዚህም የመሳቢያው የውስጥ ርዝመት ከ356 እንዳያንስ ያስፈልጋል።

3. ከፍታና ርዝመት

ከመስቀያው ብረት በታች የሚወርደው የዶሴ አካል 240 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከወለሉ ጋር እንዳይፋተግ 15 ሚሊ ሜትር ቢተውለት የብረቱ የላይ ጠርዝ ከመሳቢያው ወለል 255 ላይ ይሆናል። ስም የሚጻፍበት ጆሮ ከብረቱ በላይ 20 ያህል ይወጣል፤ ለነጻ ቦታ 10፥ ለወለሉ ጣውላና ከሥሩ ላለው ክፍተት 15 ሲጨመር በጠቅላላው 300 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኩሽና ቀፎ የተለመደ ከፍታ 720 ነው። ከላይና ከታች ያሉት ጣውላዎች 36 ሲቀነሱለት 684 ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል 342 ስለ ሆነ ሁለት መሳቢያ በደኅና ይይዛል።

በርዝመት በኩል ሐዲዶች በየ50 ሚሊ ሜትሩ እየጨመሩ ይሸጣሉ። 500ውን ብንመርጥ የመሳቢያው የውስጥ ርዝመት፥ የፊቱና የኋላው ጣውላ ሲቀነስ፥ 470 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር አለ። አንዳንዱ ሐዲድ እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ይከፈታል። ከልብስ መሳቢያ ውስጥ እጅን አስገብቶ ጨርቅ መሳብ ይቻላል፤ ዶሴ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ካልተነሣ ከብረቱ አይላቀቅም። ሐዲዱ በሙሉ ካልተከፈተ ከኋላ ያሉት ዶሴዎች፥ ማለት ሩብ ያህሉ፥ ተሰቅለው ሳሉ እንደ ጠፉ ይቈጠራሉ። ስለዚህ በሙሉ የሚከፈት ሐዲድ ግዴታ ነው።

4. ክብደቱን የሚሸከመው ማነው?

የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። በልብስ መሳቢያ ውስጥ ክብደቱ በወለሉ ላይ ያርፋል፤ ከወለሉ ወደ ጎኖቹ፥ ከጎኖቹም ወደ ሐዲዱ ይሄዳል። ዶሴ በሚንጠለጠልበት መሳቢያ ግን ወለሉ የሚሸከመው ምንም የለም። ወለሉ ቢወልቅ እንኳ ዶሴዎቹ ተሰቅለው ይቀራሉ። እንግዲህ ወለሉን በማወፈር የሚገኝ ጥቅም የለም ማለት ነው።

የመስቀያ ብረቶቹ በፊቱና በኋላው ጣውላ ላይ ብቻ ቢያርፉ ክብደቱ ሁሉ በአራቱ ማዕዘን መጋጠሚያዎች በኩል ያልፋል። ችፑድ ደግሞ በጠርዙ በኩል ብሎን አጥብቆ የመያዝ ኀይሉ ደካማ ስለ ሆነ መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይላላል። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ በእያንዳንዱ ጎን የውስጥ ፊት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ዘንግ በርዝመቱ ሁሉ በኮላና በብሎን ማጣበቅ፥ በዚያም ላይ 3 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ አቁሞ ማሰር ነው። ብረቱ ሜንጦው እንዲይዘው ከእንጨቱ በላይ 15 ሚሊ ሜትር ብቅ ይበል። በዚህ አኳኋን የሁለቱ ብረቶች የመሐል ርቀት 331 ይሆናል፤ ከፈለግነው 330 የሚለየው በ1 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱም ማዕዘኑን ሳይነካ ከብረቱ በቀጥታ ወደ ጎኑ፥ ከጎኑም ወደ ሐዲዱ ይወርዳል።

ብረቱን በጠርዙ ማቆም ለምን ያስፈልጋል? በሁለት ጫፎቹ ብቻ የተደገፈ የ470 ሚሊ ሜትር ብረት 10 ኪሎ ቢሰቀልበት ቆሞ ሳለ የሚጐብጠው 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያው ብረት ቢጋደም ግን 44 ጊዜ የሚበልጥ፥ ማለት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጐብጣል። ዕቃው አንድ፥ ዋጋውም አንድ ሲሆን ልዩነቱ የአቀማመጥ ብቻ ነው።

5. የሐዲዱ ኀይል

አሁን ክብደቱን እንመዝን። ኤ4 የአንድ ካሬ ሜትር አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ስለ ሆነ ባለ 80 ግራሙ ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው። ባለ 500 ቅጠል አንድ ደስጣ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ውፍረቱም 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ470ው ርዝመት 100 ያህሉን ለእጅ መንቀሳቀሻ ብንተው 7 ደስጣ ይሰቀላል፤ ይኸውም 17.5 ኪሎ ነው። የመሳቢያው እንጨት 7 ኪሎ፥ ዶሴዎቹና ብረቶቹ 1.5 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 26 ኪሎ ይመጣል።

ባለ ትንሽ ጎማው ቀላል ሐዲድ ብዙውን ጊዜ የሚችለው እስከ 25 ኪሎ ነው፤ ከዚያም በላይ በሙሉ አይከፈትም። 45 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ ግን ጥንዱ 45 ኪሎ ያህል እንዲችል ሆኖ ይሠራል። እንግዲህ መመረጥ ያለበት ሁለተኛው ነው። በሌላው ክፍል ገንዘብ መቈጠብ ይቻል ይሆናል፤ በሐዲድ መቈጠብ ግን አይገባም።

6. ሣጥኑ እንዳይወድቅ

መሳቢያው በሙሉ ሲከፈት ክብደቱ ከቀፎው ፊት 250 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሣጥኑን ወደ ፊት የሚጥለው ጉልበትም 26 ሲባዛ በ250፥ ማለት 6500 ነው። ባዶው ቀፎ 17 ኪሎ ቢመዝንና የክብደቱ መሐል ከፊቱ 280 ወደ ኋላ ቢሆን የሚመልሰው ጉልበት 4760 ነው። የታችኛው መሳቢያ ሞልቶ ከተዘጋ 6500 ይጨምርለታልና 11260 ይሆናል፤ ሣጥኑ አይነቃነቅም። የታችኛው ባዶ ከሆነ ግን የሚጨምረው 7 በ250፥ ማለት 1750 ነው፤ ድምሩ 6510 ስለ ሆነ ሣጥኑ የሚቆመው ለጥቂት ነው። ሁለቱ ሞልተው በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ 13000 ከ4760 ጋር ይታገላል፤ ያለ ጥርጥር ይወድቃል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ትእዛዝ ይወጣል። ምንጊዜም የታችኛው መሳቢያ አስቀድሞ ይሞላ፤ ሁለቱ አብረው አይከፈቱ፤ ሣጥኑም ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር። ሦስተኛው በተለይ ሕፃናት በሚገቡበት የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ከቶ የሚታለፍ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በአንድ ቅጠል ላይ ተጽፎ ለአናጢው ሊሰጥ ይችላል፤ ዶሴውን ለካ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ ደምር፥ ክብደቱን በጎኖቹ አውርድ፥ በሙሉ የሚከፈት ሐዲድ ምረጥ፥ ከግድግዳ እሰር። ከእነዚህ መካከል ልዩ መሣሪያ ወይም ልዩ ዕውቀት የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ቅደም ተከተልን መጠበቅ ብቻ ነው።

የምሕንድስና ተማሪዎች ጓደኞቻችን አንድ እንዲህ ያለ መሳቢያ አሠርተው 26 ኪሎ ጭነው ደጋግመው ቢከፍቱና ቢዘጉት፥ የትኛው መጋጠሚያ አስቀድሞ እንደሚላላም መዝግበው በዚሁ መጽሔት ቢያወጡት ለብዙ ትንንሽ መዝገብ ቤቶች ጠቃሚ ሥራ ይሆናል። መምህራንም ስሌታችንን ተመልክተው እርማታቸውን እንዲሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን።