ዘውድም ካዝናም በሕግ ሥር

«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባላል። ሕግ ጽኑ ነው የሚባለው ኀይለኛውንም ባለጠጋውንም ባስቆመ ጊዜ ነው። ለዚህ ምሳሌ ትሆነን ዘንድ፥ ንጉሥና ሕገ መንግሥት አብረው የሚኖሩባትን ኖርዌይን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኖርዌይ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1814 ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ እስከ 1905 ድረስ ከስዊድን ጋራ በአንድ ንጉሥ ሥር ቆየች። ኅብረቱ በፈረሰ ጊዜ ዘውዱ ለዴንማርኩ ልዑል ለካርል ቀረበላቸው። ልዑሉ ግን ሕዝቡ ፈቃዱን በድምፅ ሳይገልጽ ዙፋኑን አልቀበልም አሉ። ሕዝቡም በዚያው ዓመት ድምፅ ሰጠ፤ ከመራጮቹ ከአምስቱ አራቱ ያህል ስለ ደገፏቸው፥ ሃኮን 7ኛ ተብለው ነገሡ።

በዚህ ሥርዐት ንጉሡ የሚኒስትሮችን ጉባኤ በቤተ መንግሥት ይመራሉ፤ ውሳኔውም በስማቸው ይወጣል። ሆኖም የንጉሡ ውሳኔ የሚጸናው ሚኒስትር አብሮ ሲፈርምበት ነው፤ ተጠያቂውም ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሮቹ በሥልጣን የሚቈዩት ስቶርቲንግ የተባለው ምክር ቤት እስካመናቸው ድረስ ብቻ ነው። የምክር ቤቱን 169 አባሎች ሕዝብ በየ4 ዓመቱ ይመርጣል፤ ጊዜው ሳይደርስ ሊበትነው የሚችል ባለሥልጣን የለም። ግብር የሚጥለውና በጀት የሚፈቅደውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

ይህ ሥርዐት በጦርነት ተፈትኗል። በኤፕሪል 1940 የጀርመን ጦር አገሪቱን ወረረ፤ የጀርመን መልእክተኛም ኲዝሊንግ የተባለውን ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ንጉሡን ጠየቀ። ንጉሥ ሃኮን ውሳኔው የሚኒስትሮቹ መሆኑን ገለጡ፤ ነገር ግን ሕዝብ ያላመነውን ሰው ከመሾም ዘውዳቸውን መልቀቅ እንደሚመርጡ ነገሯቸው። ሚኒስትሮቹም ከንጉሣቸው ጋራ ቆሙ። ንጉሡ በስደት ከቈዩ በኋላ በጁን 1945 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጦርነት ዘውዱን እንደ ፈተነው፥ ሀብት ደግሞ ምክር ቤቱን ፈተነው። በ1969 መጨረሻ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ብዙ የነዳጅ ዘይት ተገኘ። ዘይቱ የመንግሥት ሀብት ስለ ሆነ ኩባንያዎች የሚሠሩት በፈቃድ ነው፤ ከትርፋቸውም 78 በመቶ ግብር ይከፍላሉ። በድንገት የመጣ ገንዘብ በአገር ውስጥ ቢፈስ ዋጋን ያንራል፥ ሌላውንም ሥራ ያዳክማል። ስለዚህ በ1990 በወጣ ሕግ የዘይቱ ገቢ የሚቀመጥበት የጥሪት መዝገብ ተቋቋመ፤ ገንዘቡም በውጭ አገር አክሲዮን፥ የብድር ሰነድና ሕንፃ እየገዛ ይሠራል። ለበጀት የሚወሰደው፥ ጥሪቱ ያስገኛል ተብሎ ከሚታሰበው ትርፍ እንዳይበልጥ በ2001 ደንብ ወጣ፤ ልኩም መጀመሪያ 4 በመቶ ነበር፥ በ2017 ወደ 3 በመቶ ዝቅ አለ። በ2019 ጥሪቱ ከ10 ትሪሊዮን ክሮነር አለፈ።

ክርክር የለም ማለታችን አይደለም። ይብዛ ይነስ የሚለው ሙግት በየዓመቱ በጀት ሲቀርብ ይነሣል፤ የዘይቱ ጭስ በአየር ጠባይ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት ብዙዎችን ያሳስባል። ነገር ግን ሙግቱ የሚደረገው በአደባባይ ነው።

አስተዋይ ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ ለዘር ያኖረውን እህል በቀላሉ አይነካም፤ የልጆቹ እንጀራ በዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃልና። መንግሥትም እንዲሁ ነው። ጎተራው የማን እንደ ሆነ፥ ቁልፉን ማን እንደ ያዘ፥ ስንት ቍና እንደሚወጣም በሕግ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ገና ያልተወለደው ልጅ እንኳ ድርሻውን ያገኛል ብለን እናምናለን።