በታሸገው ፋንታ የአውድማችን እህል

ከመተማ ማዶ፣ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው አገር በክረምት ሲታይ በመረሬ መሬት ላይ የተንጣለለ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። በእኛም በኩል በመተማና በሑመራ የሚዘራው ይኸው ነው። ዳሩ ግን አዝመራው በጆንያ ተሞልቶ ለገበያ ሲወጣ፣ የአምራቹ ልጅ በእረፍት ሰዓት የሚገዛው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ነው። ውፍረት ያሳሰበው ጎልማሳም ቢሆን «ስብ የሌለው»፣ «ስኳር የሌለው» የሚል ጽሑፍ የታተመበትን እሽግ ይመርጣል። እኛ መምህራን ይህን ጉዳይ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎቻችን ጋር ልንመረምረው ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ ሁሉ ጎጂ አይደለም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው እንቅርትን ይከላከላል። ለተጎዱ ሕፃናት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው በንጥረ ነገር የዳበረ ምግብም ሕይወት ያድናል፤ በሌላ ነገር ሊተካ አይገባም። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካርሎስ ሞንቴሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት አከፋፈል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጥያቄው ምግቡ ተፈጭቷል ወይስ ቦክቷል የሚል አይደለም። ከእህሉ ተነጥለው ከወጡ ስታርች፣ ስኳርና ዘይት፣ በማጣፈጫና በማቅለሚያ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው ወይ የሚል ነው። ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥና አብዛኛው ብስኩት በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

እንዲህ ያለው ምግብ ሳይታወቀን አብዝተን እንድንበላ ያደርገናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በተደረገ ሙከራ፣ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። የሁለቱ ገበታዎች ስኳር፣ ስብና አሰር ተመጣጣኝ ነበር፤ የመጠን ገደብም አልነበረም። ሰዎቹ በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ይህ ምግብ ለስላሳ በመሆኑ ቶሎ ቶሎ ይዋጣል፤ ሰውነት መጥገቡን ከመረዳቱ በፊት ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

«ስኳር የሌለው» የሚለውም መፍትሔ አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቀነሻ እንዳንጠቀም መክሯል፤ ለረጅም ጊዜ ውፍረትን ሲቀንሱ አልታዩምና። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፤ እነርሱ ሐኪማቸውን ይከተሉ።

እንግዲህ በምን እንተካው? መልሱ ከአውድማችን አይርቅም። በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አጠገብ ከተቆፈረ የሸክላ ስባሪ ላይ የተገኘው የገለባ አሻራ እንደሚያስረዳው፣ በዚያ አካባቢ ማሽላ መለመድ ከጀመረ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሱዳኖች ዱራ ይሉታል። ሊጡን አቡክተው በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በስሱ ሲጋግሩት ኪስራ ይባላል፤ ገንፎው ደግሞ አሲዳ ነው። ከኪስራው ጋር የሚቀርበው ወጥ ብዙ ጊዜ በደረቀና በተፈጨ ባሚያ ይሠራል። ከኛ የማሽላ እንጀራ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው።

ማቡካት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእህሉ ልባስ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ነገር ብረትን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ያገኛል። ማሽላ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ባቄላ፣ ምስርና አደንጓሬ በላይሲን የታወቁ ናቸው። የእነርሱን ጉድለት፣ ማለትም ሜቲዮኒንን፣ ሰሊጥ ይሞላል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከተቆላና ከተወቀጠ ሰሊጥ ጋር፣ እርስ በርሱ የሚሟላ ገበታ ነው። ሰሊጥ ግማሹ ያህል ዘይት ስለሆነ ግን በልክ ይበላ።

ከዚህ ጋር የፉርኖ ዱቄትን እናነጻጽር። ሙሉ የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም 11 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው፣ ነጩ ዱቄት 3 ግራም ገደማ ብቻ ይቀረዋል። የቀረው ከልባሱና ከፅንሱ ጋር ተነፍቶ ወጥቷል። ጉዳዩ የጤና ብቻም አይደለም። ሱዳን የምትበላውን ስንዴ አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲያድግ በአትባራ የተነሣው ተቃውሞ ወዲያው ወደ ገዳሪፍም ተዛመተ። ማሽላ በሚታፈስበት አገር እንኳ ሕዝቡ በፉርኖ ዳቦ ዋጋ መቸገሩ ሊያሳስበን ይገባል።

የነባሩ አመጋገባችን ጉድለትም አይደበቅ። በድንበሩ ሁለት ወገን ሻይ በጣም ጣፋጭ ተደርጎ ይጠጣል። በብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምርና አምስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው፣ አንዱን ማንኪያ 4 ግራም ብንለው፣ በቀን 60 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያመለከተው ጣሪያ ለ2,000 ኪሎ ካሎሪ ገበታ 50 ግራም ነው። ከርከዴም ሆነ ከተበልዲ ፍሬ የሚዘጋጀው ጎንጎሌዝ ግሩም መጠጦች ናቸው፤ በስኳር ከተሞሉ ግን ከለስላሳው አይሻሉም።

ለክፍል ሥራ የሚከተለውን እናቀርባለን። ተማሪዎች የለስላሳ ጠርሙስ ጽሑፍ ያንብቡ፤ በ300 ሚሊ ሊትር ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ያገኛሉ። ያንኑ ያህል ስኳር በሚዛን መዝነው በብርጭቆ ያስቀምጡት። ከጎኑ አንድ እፍኝ የማሽላ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይኑር። ከዚያም የሁለቱን ዋጋ ያስሉ፤ የትኛው እስከ ምሳ እንደሚያቆይም ለሳምንት ሞክረው ይመዝግቡ።

በራሽን ለሚኖር ስደተኛ ወይም ጦርነት ከቤቱ ላፈናቀለው ሰው ምርጫው ጠባብ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንወቅሰው እርሱን አይደለም። ምክራችን መምረጥ ለሚችል ነው። ጆንያው በሙሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ለቤቱ የሚበቃ ማሽላና ሰሊጥ ያስቀር፤ ልጁንም ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ቆሎ ቋጥሮ ይስጠው።