ከቀይ ባሕር ዳር የታየው አሥር ዓመት፦ ከ610 እስከ 619

በጂዳው ሸረፊያ ሰፈርም ሆነ በመካ ቧንቧ ሲከፈት ከሚወርደው ውኃ ጥቂት የማይባለው የሚመጣው ከሹዐይባ ነው። ሹዐይባ ከጂዳ በስተደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ትገኛለች፤ የባሕር ውኃ አጣርቶ ጂዳን፣ መካንና ጣኢፍን የሚያጠጣው ግዙፍ ጣቢያ ያለው እዚያ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በዚሁ ነው። ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ግን ሹዐይባ የመካ ወደብ በነበረችበት ጊዜ፣ ሰዎች ከዚህ ሸሽተው ወደ እኛ አገር የተሻገሩበትን አሥር ዓመት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ለማስላት ሰባት ወይም ስምንት ይቀነሳል።

በዚያ ዘመን ከሜዲትራኒያን እስከ ኢራን ያለውን ምድር ሁለት መንግሥታት ተካፍለውት ነበር። አንዱ የምሥራቅ ሮም ነው፤ መናገሻው ቁስጥንጥንያ። ሌላው ፋርስ ነው፤ መናገሻው በዛሬዋ ኢራቅ የነበረችው ክቴሲፎን። በ610 ሄራክሊዮስ፣ ዓረቦች ሕርቃል የሚሉት፣ ከሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ በመርከብ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱን ፎቃስን አስገደለና ዙፋኑን ያዘ። ዙፋኑን ቢይዝም ግዛቱ ከእጁ እየወጣ ነበር። የፋርሱ ንጉሥ ኾስሮው ሁለተኛ ጦር በ613 ደማስቆን፣ በ614 ኢየሩሳሌምን፣ በ619 እስክንድርያን ያዘ። በመካከሉ በ615 ኬልቄዶን ደረሰ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን የኬልቄዶንን ስም በ451 ከተደረገው ጉባኤ ያውቀዋል፤ ከተማዋን ከቁስጥንጥንያ የሚለያት ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ዓለምን ያስደነገጠው የኢየሩሳሌም መውደቅ ነው። ከተማዋ ለሦስት ሳምንት ያህል ተከብባ ተሰበረች፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ፓትርያርኩ ዘካርያስ ተማረከ። ንግሥት እሌኒ አስቆፍራ አገኘችው የሚባለው፣ እኛ በየመስከረሙ ደመራ የምንደምርለት መስቀልም ተወስዶ ፋርስ ገባ።

ወሬው መካ ለመድረስ አልዘገየም። መካ የነጋዴ ከተማ ናት፤ ቅፍለቷ ክረምት ወደ የመን፣ በጋ ወደ ሻም፣ ማለትም ወደ ሶርያ ምድር፣ ይመላለሳል፤ ሻም ሲናወጥ መካም ይሰማታል። ነቢዩ ሙሐመድ በጀበል ኑር ተራራ፣ በሒራ ዋሻ የመጀመሪያው ወሕይ (መለኮታዊ መገለጥ) የወረደላቸው በ610 ገደማ ስለሆነ፣ የኢየሩሳሌም ወሬ ሲመጣ ጥቂት ተከታዮች ነበሯቸው። ጣዖት አምላኪዎቹ የመካ ነገድ ቁረይሾች በፋርስ ድል ደስ አላቸው። ሙስሊሞቹ ግን ሮማውያን የመጽሐፍ ሰዎች ናቸውና አዘኑ። በቁርኣን ውስጥ በሮም ስም የተጠራ ምዕራፍ አለ፤ ሮም መሸነፏን ተናግሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሳ እንደምታሸንፍ የሚያበስር ነው። የነቢዩ ባልደረባ አቡ በክርም ይህ እንደሚሆን ከአንድ የቁረይሽ ሰው ጋር በግመል እንደተወራረዱ ትውፊቱ ይተርካል።

የቀረውን ዓለም ባጭሩ እንለፈው። ቻይና ውስጥ የሱይ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ያንግዲ በ612 ኮሪያ ላይ ዘመተ፤ የአገሩ ዜና መዋዕል ሠራዊቱን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደርገዋል። ተሸንፎ ተመለሰ፤ በ613ም በ614ም ደግሞ ሞከረ፤ በ618 የገዛ ወታደሮቹ ገደሉት። በዚያው ዓመት ወደ ሦስት መቶ ዓመት የገዛው የታንግ ሥርወ መንግሥት ተመሠረተ። በ613 ፍራንኮች በክሎታር ሁለተኛ ሥር አንድ ሆኑ። በዛሬዋ ሜክሲኮ፣ በማያዎቹ ከተማ ፓሌንኬ፣ ፓካል የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በ615 ነገሠ፤ ሰማንያ ዓመት እስኪሆነው ድረስ ከዙፋኑ አልወረደም።

እኛን በቅርብ የሚመለከተው ግን በዚያው በ615 በሹዐይባ የሆነው ነው። ቁረይሾች አዲሶቹን አማኞች ማሠቃየት ጀምረው ነበር። ሐበሻዊው ቢላል በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ ተጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት በዚህ ጊዜ ነው። ነቢዩ ለተከታዮቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ ነገሯቸው፤ እዚያ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው፣ የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ይገኙበታል። ከመካ ተደብቀው ወጥተው ሹዐይባ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል። ቀጥሎ በጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ መሪነት ከሰማንያ በላይ ወንዶች ከሴቶችና ከልጆች ጋር ተሻገሩ።

ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ወደ ነጋሢው ላኩ። ገጸ በረከቱ የመካ ቆዳ ነበር፤ ሐበሻ ዘንድ የሚወደድ ሸቀጥ ነው። መልእክተኞቹ ለንጉሡ ከመቅረባቸው በፊት ለባለሟሎቹ አንድ በአንድ ስጦታ አደሉ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ምክር ስጡልን ብለው ደጅ ጠኑ። ባለሟሎቹም እንደተባሉት መከሩ። ንጉሡ ግን ተቆጣ፤ አገሬን መርጠው የተጠጉኝን ሰዎች ቃላቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ይህን የምትተርክልን በቦታው የነበረችው ኡሙ ሰለማ ናት፤ በኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆነችው።

ጀዕፈር ተነሥቶ ስለ ሃይማኖቱ ተናገረ፤ ከመርየም ምዕራፍም አነበበ። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ። በማግሥቱ ዐምር ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ጀዕፈር የሚያምነውን ሳይሸፋፍን መለሰ። ንጉሡ ከመሬት ስንጥር አንሥቶ፣ በአንተ ቃልና በማርያም ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይህን አያህልም አለ። የቁረይሽ ስጦታም ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የማይነገረን ጊዜው ነው። ጀዕፈር የመርየምን ምዕራፍ ያነበበው ኢየሩሳሌም ከወደቀች አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። የአክሱም ንጉሥ ክርስቲያን ነው፤ የእምነቱ ቅድስት ከተማ ተቃጥላለች፤ መስቀሉ ተማርኳል። አያቶቹ ይገዙት የነበረው የመን ከ570ዎቹ ጀምሮ በፋርስ እጅ ነው። በ619 ግብጽ ስትወድቅ ደግሞ በቀይ ባሕር ዙሪያ በሰሜንም በምሥራቅም ፋርስ ሆነ፤ የአክሱም ወደብ የአዱሊስ ንግድ ጉሮሮው ታነቀ። የራሱ ነገር እንዲህ እየጠበበ በሚሄድበት ጊዜ ነው ንጉሡ የሌላ አገር ስደተኛ የተቀበለው። ይህን ስናውቅ የንጉሡ እንባም፣ አሳልፌ አልሰጥም ማለቱም ክብደቱ ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር ከአክሱም ወጥቷል። አርማሕ የተባለው ንጉሥ የመጨረሻዎቹን የአክሱም ሳንቲሞች ካስመቱት አንዱ ነው። በነሐሱ ላይ ንጉሡ ረጅም መስቀል ይዞ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ነገሥታት ከደረታቸው በላይ ብቻ ነበር የሚሳሉት። በብሩ ጀርባ ደግሞ ሕንጻ የሚመስል ቅርጽ ከመስቀል ጋር አለ፤ በወርቅ ተለብጧል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ቅርጽ የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የ614ን ሐዘን ያስታውሳል ይላሉ። ጀዕፈርን የተቀበለው ይኸው አርማሕ ነው የሚሉም አሉ፤ የእስልምና ትውፊት ግን ንጉሡን አስሐማ ይለዋል። የአርማሕ የወርቅ ሳንቲም እስካሁን አልተገኘም፤ ንግዱ መዳከሙን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

መካ ውስጥ አሥሩ ዓመት የተዘጋው በሐዘን ነው። ቁረይሾች የነቢዩን ጎሣ ከ616 ጀምሮ ከገበያም ከጋብቻም አገዱት፤ እገዳው ሲነሣ በ619 ባለቤታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጣሊብ በአንድ ዓመት ሞቱ። ወደ ጣኢፍ ቢሄዱ በድንጋይ ተወግረው ተመለሱ። ያኔ ጀዕፈርና ጓደኞቹ ሐበሻ ውስጥ በሰላም ይኖሩ ነበር፤ ልጆችም ወልደዋል። ኡሙ ሰለማና ሌላዋ ስደተኛ ኡሙ ሐቢባ እዚያ ያዩትን፣ ሥዕል ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ከዓመታት በኋላ መዲና ላይ ሆነው ይተርኩ ነበር። የመጨረሻዎቹ በ628 ተመለሱ። የንጉሡ ሞት ሲሰማ ነቢዩ መዲና ላይ ሆነው፣ አስከሬኑ በሌለበት፣ ሰላተል ጀናዛ (የቀብር ሶላት) ሰገዱለት።

ዑስማን ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ፣ በ647 ገደማ፣ የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጂዳ አዛወሩት። ጂዳ የመካ በር የሆነችው በእርሳቸው ትእዛዝ ነው፤ በ615 በሹዐይባ በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ወደ ሐበሻ በተሰደዱት ሰው።

በጂዳም በሪያድም የሐበሻ ልጆችን ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። የኢየሩሳሌም መውደቅ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የሐበሻው ሂጅራ (ስደት) በመድረሳ፣ የአርማሕ ሳንቲም በአክሱም ምዕራፍ ተለያይተው ነው የሚነገሩት። ሦስቱም የሆኑት በአንድ አሥር ዓመት፣ በአንድ ባሕር ዙሪያ ነውና ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ አንድ ላይ አስተምሯቸው።