ሁሉም ሰው ሳቶ አይባልም፦ ብርቅ የቤተሰብ ስሞች የሚወለዱበትና የሚከስሙበት ስሌት

በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) «በ2531 ጃፓናውያን በሙሉ ሳቶ ተብለው ይጠራሉ» የሚል ዜና ከጃፓን ተነሥቶ በየአገሩ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ተዛምቶ ነበር። የዜናው ምንጭ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሂሮሺ ዮሺዳ ያወጡት ስሌት ሲሆን፣ ስሌቱ የተሠራው ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የሚያስገድደው የጃፓን ሕግ እንዲሻሻል ለሚደረገው ቅስቀሳ ነው፤ ምሁሩም ውጤቱ በታሳቢዎች ላይ የቆመ መሆኑን ገልጸው ነበር። ታሳቢዎቹ ግን በመንገድ ላይ ተንጠባጥበው ቀሩና ለአብዛኛው አንባቢ የደረሰው ዓመቱ ብቻ ሆነ።

ስሌቱ ሲፈታ እንዲህ ነው። በ2023 ከጃፓን ሕዝብ 1.5 በመቶ ያህሉ ሳቶ ይባል ነበር፤ ይህ ድርሻ ከቀደመው ዓመት 1.0083 እጥፍ ሆኖ ስለተገኘ፣ የአንድ ዓመቱ ዕድገት ለ500 ዓመታት ያህል ሳይቋረጥ ተባዛ። በዚሁ መንገድ አሥር ዓመት ወደፊት ቢኬድ ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጡ ሳቶዎች ይገኛሉ፤ ይህ ብቻውን ዜናውን ለማዘግየት በበቃ ነበር። ከዚህም በላይ፣ አንዲት የሳቶ ሴት ልጅ አግብታ ስሟን ስትተው አንድ የሳቶ ወንድ ልጅ ደግሞ የሌላዪቱን ስም ያስተዋልና፣ ሕጉ የስሞችን ብዛት ቢያመነምንም ለሳቶ የሚያደላበት ምክንያት የለውም። አንድ ስም በሌሎቹ ላይ የተለየ ብልጫ ከሌለው፣ ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው እርሱ ብቻውን የመቅረቱ ዕድል ዛሬ ካለው ድርሻ ጋር እኩል መሆኑ በሕዝብ ዘረመል ጥናት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የሳቶ ዕድል ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ሲሆን፣ ያም ቢሆን ጃፓንን በሚያክል ሕዝብ ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ትውልድ ይፈጃል። ሊዘገብ የሚገባው በሌላኛው ጫፍ ያለው ነገር ነበር፤ ይኸውም ጥቂት ቤቶች ብቻ የሚጠሩባቸው ብርቅ ስሞች ከየት እንደሚመጡና ለምን ቶሎ እንደሚከስሙ ነው።

የቤተሰብ ስም ማለት ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ እየተወረሰ የሚዘልቅ ስም ነው። በእንግሊዝ ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከመኳንንቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሕዝብ የወረደ ሲሆን፣ ምንጮቹም የሥራ ዓይነት፣ የአባት ስም፣ የመኖሪያ ቦታና ቅጽል መሆናቸው በየመጽሐፉ ስለሚገኝ እዚህ መዘርዘር አያሻውም። ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው፦ አንጥረኛ በየመንደሩ ስለነበረ «ስሚዝ» የሚለው ስም እርስ በርስ በማይተዋወቁ እጅግ ብዙ መሥራቾች ተጀምሯል፤ በአንዲት ትንሽ መንደር ወይም በአንድ እርሻ ስም የተጠራ ቤተሰብ ግን ብዙውን ጊዜ መሥራቹ አንድ፣ ቢበዛ ጥቂት ነው።

ብርቅ ስም ሲገኝ የሰው ግምት ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወይ ስሙ የከበረ ዘር ምልክት ነው ይባላል፣ ወይ ዘሩ ደክሞ እየመነመነ ነው ይባላል። ሁለተኛው ግምት በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ የምሁራን ጭንቀት እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ከ1583 እስከ 1654 ባለው ጊዜ የከተማው ባለመብት ሆነው ከተመዘገቡት 487 ቤተሰቦች በ1783 የቀሩት 108 ብቻ መሆናቸው ደጋግሞ የሚጠቀስ ማስረጃ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ግን ድካም የሚባለውን ከመቀበል በፊት ዕድል ብቻውን ምን ያህል ስም እንደሚያጠፋ መታወቅ አለበት ብሎ በ1873 ጥያቄውን ለሒሳብ ሰዎች በጋዜጣ አቀረበ፤ ቄስና የሒሳብ ሊቅ የነበረው ሄንሪ ዊልያም ዋትሰንም መልስ ሰጠ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀላል ግምት ነው። የተለያየ ስም ያላቸው 100 ወንዶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ አንድ ለአቅመ አዳም የሚደርስ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ፣ ይሁንና አማካዩ አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ምንም ላይወልድ፣ ሌላው ሦስት ሊወልድ ይችላል። የልጆቹ ቁጥር በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፑዋሶን ስም የሚጠራውን፣ ፍጹም አጋጣሚ የሚገዛውን ሥርጭት ከተከተለ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ከመቶው ስም 37ቱ ይጠፋሉ። በሁለተኛው የጠፉት 53፣ በአምስተኛው 73፣ በአሥረኛው 84 ይደርሳሉ። አሥር ትውልድ 300 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕዝቡ ቁጥር በአማካይ ያው መቶ ነው፤ ጦርነት የለም፣ ቸነፈር የለም፣ ከአንዱ ቤት ይልቅ ሌላው የደከመበት ምክንያትም የለም። የቀሩት 16 ስሞች ግን እያንዳንዳቸው በአማካይ ከስድስት በላይ ወንዶች ይዘዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ አንዱ ሃያ፣ ሌላው አንድ ወንድ ብቻ ሊኖረው ይችላል። የኋለኛውን ያየ ሰው ስለ ዘሩ ድካም፣ የፊተኛውን ያየ ስለ ዘሩ ብርታት ይተርካል፤ ሁለቱም የፈጠራቸው ያው ዕጣ መሆኑ አይታየውም።

የመጥፋቱ ፍጥነት በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ኃይለኛ ሆኖ ኋላ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ክብሪት ባልነበረበት ዘመን እሳት ከጎረቤት ተጭሮ እንደሚወሰድ ሁሉ፣ በአንድ ምድጃ ብቻ ያለ ፍም በአንድ ሌሊት ቸልተኝነት ይጠፋል፣ ሦስት አራት ቤት ከተጫረ በኋላ ግን የአንዱ መጥፋት እሳቱን ከመንደሩ አያጠፋውም፤ ስምም አደገኛውን ጊዜ የሚያልፈው ገና በአንድና በሁለት ወንዶች ትከሻ ላይ ሳለ ነው።

ዋትሰን ይህን ወደ ቀመር ለወጠው። አንድ ስም በስተመጨረሻ የመጥፋቱ ዕድል «ሀ» ይባል። መሥራቹ ወንድ ልጅ ከሌለው ስሙ ያን ጊዜውኑ ጠፋ፤ አንድ ካለው የመጥፋቱ ዕድል ያው ሀ ነው፤ ሁለት ካሉት የሁለቱም ሐረግ መቋረጥ ስላለበት ሀ በራሱ ይባዛል፤ ሦስት ከሆኑ ሀ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ይባዛል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የመከሰት ዕድል ተመዝነው ሲደመሩ ድምሩ መልሶ ሀን መስጠት አለበት። ለዚህ ቀመር ሀ አንድ ነው የሚለው መልስ ምን ጊዜም ይሠራል፤ ሀ አንድ ነው ማለት ደግሞ ስሙ መጥፋቱ አይቀርም ማለት ነው። ዋትሰን እዚህ ላይ ቆመና የሕዝቡ ቁጥር እያደገ እንኳ ቢሆን ስም ሁሉ ውሎ አድሮ ይጠፋል ብሎ ደመደመ። ስሕተት ነበር። የወንዶች ልጆች አማካይ ከአንድ ሲበልጥ ቀመሩ ከአንድ ያነሰ ሁለተኛ መልስ አለው፣ ትክክለኛውም እርሱ ነው፤ ይህን ዴንማርካዊው ስቴፈንሰን በ1930 አስተካክሎ አሳተመ። የሚያስገርመው ግን ፈረንሳዊው ቢየናሜ ትክክለኛውን ውጤት ገና በ1845 ተናግሮት ኖሮ ሳይታወስ መቅረቱ ነው። ሂደቱ እስከ ዛሬ በብዙ መጻሕፍት የጋልተንና የዋትሰን ሂደት ይባላል፤ ሦስቱንም ስም መደርደር የሚመርጡ ደራሲዎች ትክክል ናቸው፣ አጠራሩ ቢረዝምም። ያው ቀመር አዲስ የዘረመል ለውጥ በሕዝብ ውስጥ የመቆየት ዕድሉን፣ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ፍንዳታም የመቀጣጠል ዕድሉን ለማስላት አገልግሏል።

አሜሪካዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ አልፍሬድ ሎትካ በ1931 ቀመሩን በ1920 የአሜሪካ ነጭ ወንዶች መረጃ ላይ ሠራበት። ከተወለዱት ወንዶች 48 በመቶው፣ በልጅነታቸው የሞቱትን ጨምሮ፣ ወንድ ልጅ ሳይተኩ የሚያልፉ ሲሆን፣ የተቀሩት ግን ብዙ ስለሚወልዱ አማካዩ 1.26 ደርሷል። ሕዝቡ በፍጥነት እያደገ ነው ማለት ነው፤ ሆኖም በአንድ ሰው ብቻ የተጀመረ ስም የመጥፋት ዕድሉ 82 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ያንኑ ስም አሥር የማይዛመዱ ሰዎች ጀምረውት ቢሆን፣ የሁሉም ሐረግ የመቋረጡ ዕድል ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ስሚዝ በዝቶ የአንድ እርሻ ስም ብርቅ የሆነበት ምስጢር ከደም ክብር ይልቅ እዚህ ውስጥ ይገኛል።

ጃፓን ይህን በተቃራኒው ታሳያለች። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ2023 1.2 ልጅ ስለነበረ፣ የወንዶቹ አማካይ 0.6 አካባቢ ይሆናል፣ በእንዲህ ያለ ጊዜም ቀመሩ «ይጠፋል» ከሚለው ሌላ መልስ የለውም። ሕጉ ተሻሽሎ ሚስቶች ስማቸውን ይዘው ቢኖሩ እንኳ ልጆች የአባታቸውን ስም ብቻ መውረሳቸውን ከቀጠሉ የስሌቱ ውጤት ያው ነው፤ የሚለወጠው ከፊሉ ልጅ የእናቱን ስም ሲወስድ ነው። ጃፓን እስካሁን ብዙ ዓይነት ስም ያላት ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተገደደው በ1875 ስለሆነ ነው፤ ማጣሪያው ገና ጥቂት ትውልድ ነው የሠራው። በኮሪያ በአንጻሩ ከአምስቱ ሰው አንዱ ኪም ይባላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዝቅተኛው መደብ የመኳንንቱን ስሞች እየወሰደ ስለተጠራባቸው፣ ጥፋቱን ሁሉ በዕድል ማሳበብ አይቻልም።

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሚጠራ ይህ ማጣሪያ በስም ላይ አይሠራም፤ የወንድ ሐረግ ይቋረጣል፣ የሚቋረጥ የቤተሰብ ስም ግን የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ቢያስብም ድንጋጌው በኑሮ አልታየም። ሂደቱ የሚጀምረው ወደ አሜሪካ፣ ወደ እስራኤል ወይም ወደ አውሮፓ በተሻገሩት ዘንድ ነው፤ መዝገቡ የመጨረሻ ስም ስለሚጠይቅ የአባት ወይም የአያት ስም እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ አባት በአያቱ ስም ልጅ በአባቱ ስም ሲመዘገብም አንድ ቤት በሁለት የቤተሰብ ስም ይከፈላል። ከበደ ወይም ተስፋዬ የሚባሉት በዚህ መንገድ እንደ ስሚዝ ብዙ መሥራች ያላቸው ስሞች ይሆናሉ፤ ጥቂት ሰው የሚሰየምበት የአያት ስም ግን ከጅምሩ በአንድ ቤት የቆመ ነው።

ብርቅ ስም የሚጋሩ ሰዎች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው የሚለው ወሬ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የዘረመል ክር ስለሆነ እንደ ቤተሰብ ስም ያለ ጉዞ አለው። ብራያን ሳይክስና ካትሪን ኧርቨን በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሳይክስ የሚባሉ 48 ወንዶች ተመርምረው 21ዱ አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ፤ ስሙ በዮርክሽር አነጋገር ትንሽ ወንዝ ማለት ስለሆነ ብዙ መሥራች አለው ተብሎ ሲገመት፣ ተመራማሪዎቹ አንድ መሥራች ብቻ ሊኖር እንደሚችል ጻፉ። ክርክሩ ወዲያው ተነሣ፣ ተገቢም ነው። በየትውልዱ ከመቶ ሁለት ወንዶች በማደጎ፣ በእናት ስም በመጠራት ወይም ከሌላ አባት በመወለድ ከሐረጉ ቢወጡ፣ ከ25 ትውልድ በኋላ የመሥራቹን ክሮሞዞም የሚይዙት 60 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አለመመሳሰል ብዙ መሥራች መኖሩን አያረጋግጥም። መመሳሰልም አንድ መሥራች መኖሩን አያረጋግጥም፤ አሥር መሥራች የነበረው ስም በዕድል ብቻ ዘጠኙ ሐረጎች ተቋርጠው አንዱ ሲቀር ልክ አንድ መሥራች የነበረው ይመስላልና። ይህን ያሳሰቡት የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 በ40 ስሞች ላይ 1678 ወንዶችን መርምረው፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን የጋራ ዘር እንደሚጨምር፣ ስሚዝ ላይ ግን ከተራ አጋጣሚ የተለየ ነገር እንደሌለ አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብለው ስም የሚጋሩ 150 ጥንድ ወንዶችን ሲያነጻጽሩ የቅርብ የጋራ አባት የተገኘባቸው ጥንዶች ሩብ ያህሉ ነበሩ።

የዚሁ ቡድን የ2007 ግኝት ደግሞ ብዙ ተወርቶበታል። አንድ ብርቅ የዮርክሽር ስም ካላቸው 18 ወንዶች ሰባቱ ሃፕሎግሩፕ ኤ1 የተባለውን፣ ማለትም በምዕራብ አፍሪካውያን ዘንድ ብቻ ይታወቅ የነበረ የዋይ ክሮሞዞም ዘርፍ ይዘው ተገኙ፤ የተጠኑት የትውልድ ሐረጎችም ወደ 1780ዎቹ ዮርክሽር አደረሱ። ግኝቱን ከኢትዮጵያ ጋር ማያያዝ የሚያምረው አንባቢ ቢኖር፣ በኢትዮጵያ የሚበዛው የሃፕሎግሩፕ ኤ ቅርንጫፍ ሌላ መሆኑን ማወቅ አለበት። አፍሪካዊው አያት በሮማውያን ጦር ይምጣ ወይም በባሪያ ንግድ ዘመን፣ ክሮሞዞሙ ራሱ አይናገርም፤ የአንድ ሰው ከብዙ ሺህ አያቶች አንዱን መስመር ብቻ ስለሚከተልም፣ ሰባቱ ወንዶች በመልክ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም።

ብርቅነት ሌላም ዋጋ አለው። በ2013 በያኒቭ ኤርሊክ የሚመራ ቡድን ስማቸው ሳይገለጽ ለምርምር የተሰጡ ዘረመሎችን ከዋይ ክሮሞዞማቸው ተነሥቶ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የዘር ሐረግ መዝገቦች አማካይነት የቤተሰብ ስማቸውን ገመተ፤ ግምቱን ከዕድሜና ከመኖሪያ ክፍለ ግዛት ጋር ሲያጣምርም 50 ያህል ሰዎችን ለይቶ አወቀ። ስሚዝ የሚባል ሰው በዚህ ዘዴ ቢፈለግ ከብዙ ሺህ ስሚዞች መካከል ይሰወራል፤ ሃያ ወንዶች ብቻ የሚጠሩበት ስም ያለው ግን እርሱ ናሙና ባይሰጥም፣ የሩቅ ዘመዱ ለመዝናኛ ባስመረመረው ምራቅ ሊታወቅ ይችላል።