ፕሮሰሰር ማፍጠን ላማራችሁ

ጥር ሲገባ የጥገና ሱቄን የሚያጣብቡት የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ናቸው። ሙሽሮቹ ይቸኩላሉ፣ ኮምፒውተሩ አይቸኩልም። ከእነሱ አንዱ ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣና «ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርግልኝ። ዩቲዩብ አይቼ ራሴ ልነካካው ነበር፤ በፍጥነት ብዛት እንዳይቃጠልብኝ ፈርቼ ተውኩት» አለኝ።

መፍራቱ ደግ ነው፤ የፈራው ነገር ግን ሌላ ነው። ፍጥነቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ይሳሳታል፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ አጥፍተው ሲያበሩት እንደ ድሮው ይነሣል። ዕድሜውን የሚበላው ቮልቴጅ ነው፣ ቮልቴጁ የሚያመጣው ሙቀትም አለበት።

ኬዙን ከፈትኩት። ራይዘን 5 3600፣ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ። ዕድለኛ ነው አልኩ በልቤ፤ ምክንያቱም በከተማችን የሚሸጠው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ አብዛኛው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንዲነካኩ የተፈቀዱት በጥቅሉ ስማቸው መጨረሻ «ኬ» ያለባቸው ናቸው፤ እነሱም «ዜድ» ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ኤኤምዲ ለጋስ ነው፤ የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር ክፍት ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ግን ኤ320 ወይም ኤ520 ከሆነ አይፈቅድም። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይዛችሁ ከሆነ ድካማችሁን ቆጥቡ፤ ፋኑን ከአቧራ አጽዱለት፣ የደረቀውን ፔስት ቀይሩለት፣ ኤስኤስዲ ግጠሙለት።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው፤ ከበሮው ሲፈጥን ጭፈራውም ይፈጥናል። መነሻው 100 ሜጋኸርዝ ነው። ያ በአንድ ቁጥር ይባዛል፤ 36 ከሆነ 3.6 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። እኛ የምንነካው ማባዣውን ብቻ ነው። ድሮ ማባዣው ሲቆለፍ ሰዎች መነሻውን ይነኩ ነበር፤ በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ማባዣው 4.5 ላይ የተቆለፈ ሆኖ፣ መነሻውን ከ66 ወደ 100 ሲያደርሱለት ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይዘል ነበር። በነጻ የተገኘ ግማሽ! ዛሬ እንዲህ ያለ ሲሳይ የለም። ፋብሪካዎቹ ትርፉን ራሳቸው ወስደውታል፤ 3600ም ከ3.6 ተነሥቶ፣ ሙቀቱ ከፈቀደለት፣ ማንም ሳይነካው በአንዳንድ ሥራ ላይ እስከ 4.2 ይወጣል።

ልጁን ወንበር ሰጥቼ ሒሳቡን በወረቀት አሳየሁት። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን ከ4.0 ወደ 4.2 ስናደርስ 5 ከመቶ ጨመርን። ለዚያ ብለን ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.32 ብናነሣው 10 ከመቶ ነው። 1.1 በ1.1 ሲባዛ 1.21፤ በ1.05 ሲባዛ 1.27። አምስት ከመቶ ፍጥነት ለማግኘት ሃያ ሰባት ከመቶ ተጨማሪ ሙቀት ገዛን ማለት ነው። ስለዚህ የጀማሪ ሥራው ትልቁን ፍጥነት ማሳደድ ሳይሆን፣ አንድን ፍጥነት የሚሸከመውን ትንሹን ቮልቴጅ መፈለግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋን በዚያው ዙሪት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ይክሰናል፣ ግን ከፋብሪካ አብሮ በመጣ ትንሽ ፋን ይህን ሥራ አልጀምርም። ቁመት ያለው፣ የመዳብ ቱቦዎች ያሉት ማቀዝቀዣ አስገጠምኩት።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ስናበራ «ዲሊት»ን እየተጫንን ባዮስ ገባን። መጀመሪያ የሚደረገው ቮልቴጁን ከ«አውቶ» ማውጣት ነው። ማባዣው ሲነሣ ብዙ ማዘርቦርዶች እንዳይወድቅባቸው ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ይለቃሉ፤ እናንተ ፍጥነቱን ስታዩ እነሱ ከጀርባችሁ ያሞቁታል። 1.25 ቮልት ጻፍን፣ ማባዣውን 40 አደረግን፣ ሴቭ ብለን ወጣን። ዊንዶውስ ላይ ኤችደብሊው ኢንፎ ሙቀቱን እያሳየ መፈተኛው ሲኔቤንች አር23 ለአሥር ደቂቃ ይሮጣል። ካለፈ ተመልሶ ማባዣውን በ0.25 ከፍ ማድረግ ነው፤ ያ 25 ሜጋኸርዝ ነው። ከወደቀ ደግሞ ቮልቴጁን በጥቂቱ ማንሣት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ። ሁለቱን ባንዴ የሚነካካ ሰው ኮምፒውተሩ ሲወድቅ የትኛው እንደጣለው አያውቅም። ይህ ፕሮሰሰር 95 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ይቀንሳል፤ እኔ 85 ላይ አቆማለሁ፣ ከ1.3 ቮልትም አላልፍም።

ጨርሶ አልነሣ ቢልስ? ገመዱን ንቀሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። ይልቅ የሚያስፈራኝ ሳይወድቅ የሚሳሳተው ነው። ኮምፒውተሩ ደህና መስሎ ፋይል ያበላሻል። በዚህ የተነሣ አሥር ደቂቃ አይበቃኝም፤ ሲያበቃ ኦሲሲቲ የሚባለውን መፈተኛ ደንበኛው ምሳውን በልቶ እስኪመለስ አስሮጠዋለሁ።

የልጁ ማሽን በ1.275 ቮልት 4.15 ላይ ረጋ። አርባ ደቂቃ የሚፈጀው ኤክስፖርት ወደ ሠላሳ ስምንት ወረደ። «ይኸው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው። ቪዲዮዎቹን የሚያነበው ከአሮጌ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ወደ ኤስኤስዲ ሲያዞረው ኤዲት ሲያደርግ የሚያንገላታው መንተባተብ ቀረለት። ለእሱ ሥራ ዋናው መፍትሔ ይህ ነበር፤ ኦቨርክሎኩ ምርቃት ነው።

የቮልቴጅን ነገር አጋንኜው እንዳይመስላችሁ በ2024 የሆነውን አስታውሱ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ባለቤቶቻቸው ምንም ሳይነኳቸው መውደቅ ጀመሩ፤ ኢንቴል ራሱ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እንደሚደርሳቸው አምኖ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እናንተ በእጃችሁ ለጨመራችሁት ቮልቴጅ ግን ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ ዋስትና አይሰጡም።

የምትሞክሩ ከሆነ ሥራ በበዛበት ሳምንት አይሁን። ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ባዮስ ውስጥ አንድ ቁጥር ከመንካታችሁ በፊትም የፋብሪካውን ቁጥሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።